የቆየ መጽሐፍና ሰነድ ቤት ውስጥ እንዴት ይጠበቃል? ለሐዋሳ ቤቶች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

«አያቴ የተዉልን የብራና ዳዊት አለ፤ ምን ይሻለዋል?» «የአባቴ ፎቶዎች ሻግተዋል፤ በምን ልጥረጋቸው?» «የቤቱ ካርታ ረጥቦ ነበር፤ ላሚኔት ላስደርገው?» ሥራዬ ከቆዩ መጻሕፍትና ሰነዶች ጋር ስለሆነ እነዚህን ጥያቄዎች በስልክም በመንገድም እጠየቃለሁ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጠያቂው ይበዛል። ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል ስመልስ የምረሳው ነገር ስላለ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል እዚህ ጽፌዋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ነገ ልትመልሱት የማትችሉትን ነገር ዛሬ አታድርጉ። ወደ እኔ ከሚመጡት የተጎዱ መጻሕፍት ብዙዎቹን የጎዳቸው ዕድሜ አይደለም። የለጠፉባቸው ፕላስተር፣ የቀቡባቸው ቅቤ፣ ያሰጧቸው ፀሐይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ፣ ባለሙያ ኋላ ቢመጣ ሥራውን የማያበላሹበት ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ። ትንሿ ዲጂታል ትበቃለች። እርጥበት በዓይን አይታይም፤ በአፍንጫ ሲታወቅ ደግሞ ሻጋታው ቀድሞ ጀምሯል።
- ቀለም ያልገባው ነጭ አቡጀዲ፣ 3 ሜትር ያህል። ከመጠቀማችሁ በፊት በሙቅ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡት፤ የልብስ ማለስለሻ አትጨምሩ። አዲስ አቡጀዲ ስታርች አለው፤ ስታርች ደግሞ ወረቀት የሚበሉ ነፍሳት ምግብ ነው።
- ሁለት ለስላሳ ሰፋፊ ብሩሾች፣ አዲስ። አንዱ ለአቧራ፣ አንዱ ለሻጋታ ብቻ። ምልክት አድርጉባቸው፤ አይቀያየሩ።
- እርሳስ። እስክሪብቶ በጠረጴዛው ላይ አይኑር።
- ምንም ያልታተመበት ነጭ ኤፎር ወረቀትና ያልታተመበት ነጭ ሶፍት።
- ሁለት ወፍራም ፎጣዎች።
- ነጭ የጥጥ ጥብጣብ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው። የብር ማሰሪያ ላስቲክ አይሆንም፤ ሲያረጅ ይቀልጥና ከሽፋኑ ጋር ይጣበቃል።
- ኤን 95 የሚባለው የአፍ መሸፈኛና የላስቲክ ጓንት፣ ሻጋታ ካለ።
- ወፍራም ፌስታልና ማሸጊያ ፕላስተር። ፕላስተሩ ለፌስታሉ ብቻ ነው።

1. የያዛችሁት ምን እንደሆነ ለዩ

ለወረቀት የሚበጀው ብራናን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ይህን ሳትለዩ ወደ ሌላ ደረጃ አትለፉ።

ብራና ከፍየል፣ ከበግ ወይም ከጥጃ ቆዳ የተሠራ ነው። አንዱን ቅጠል በመስኮት ብርሃን አቅጣጫ ስታዩት የፀጉሩ ቀዳዳዎች እንደ ትናንሽ ነጥቦች ይታያሉ። አንዱ ገጽ ቢጫ ይላል፣ ሌላው ነጣ ይላል፤ ቢጫው የፀጉሩ ጎን ነው። ብራና ቆዳ ነውና እርጥበት ሲያገኝ ይጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሙቀትና ውሃ ባንድ ላይ ሲያገኙት ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም።

በእጅ የተጻፈ ቁርኣንና ኪታብ ግን በአብዛኛው ወረቀት ነው። ቅጠሎቹ ሳይሰፉ በቆዳ መጠቅለያ ውስጥ የሚቀመጡም አሉ። እነዚህን ከመንካታችሁ በፊት የቅጠሎቹን ቅደም ተከተል ፎቶ አንሱ፤ አንዴ ከተበተኑ መልሶ ማስተካከል ከባድ ነው።

ጋዜጣና ርካሽ ህትመት የሚሠራበት ወረቀት ከተፈጨ እንጨት ስለሆነ በራሱ ውስጥ አሲድ ይፈጠራል። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመ ጋዜጣ ነው፤ ከቆዩት እትሞች አንዱ ቤታችሁ ካለ መታጠፊያው ላይ ቡናማ ሆኖ እንደሚሰባበር ታያላችሁ። እንዲህ ያለውን ጋዜጣ ከሌላ ሰነድ ጋር አታነካኩት፤ አሲዱ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። ተዘርግቶ፣ በላይና በታች ነጭ ወረቀት ገብቶለት ይቀመጥ። እያጠፉና እየዘረጉ ማንበብ ይቅር።

ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ የውርስ ወረቀትና የቦታ ካርታ ደግሞ ለየብቻ ይቀመጡ።

2. ነጥላችሁ መርምሩ

መጽሐፉን ከሌሎች መጻሕፍት አርቃችሁ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ሽፋኑን በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉ። ከዚያ አንሱትና ወረቀቱን ተመልከቱ።

ከትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች በሶ የመሰለ ደቃቅ ዱቄት ከወረደ ውስጡ ነቀዝ ሊኖር ይችላል። ግን ወዲያው አትደምድሙ፤ የድሮ ዱቄትም ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ቀይሩና መጽሐፉን ሳትነኩት ሁለት ሳምንት ተዉት። ማንም ሳይነካው አዲስ ዱቄት፣ ነጣ ያለ፣ ከቀዳዳው ሥር ትንሽ ክምር ሠርቶ ካገኛችሁ ነፍሳቱ በሕይወት አሉ። ምንም ከሌለ ቀዳዳው የድሮ ቁስል ነው፤ ማከም አያስፈልገውም።

ሻጋታም ሁለት ዓይነት ነው። ሲነካ የሚዝለገለግ፣ ፀጉራም፣ ጨርቅ ላይ የሚቀባ ከሆነ ሕያው ነው። ደረቅ ዱቄት ሆኖ የሚበን ከሆነ ተኝቷል። የተኛው ሞቷል ማለት አይደለም፤ እርጥበት ሲያገኝ ይነሳል።

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ሰዎች አዲስ ያገኙትን መጽሐፍ ቀጥታ መደርደሪያ ላይ ይሰኩታል። በዓመቱ መደርደሪያው በሙሉ ይነቅዛል።

3. ቦታውን አስተካክሉ

የዚህ መመሪያ ዋናው ክፍል ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይህን ብቻ ብትሠሩ መጽሐፋችሁ ይቆይላችኋል።

ሻጋታ የሚነሣው የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ አልፎ ለቀናት ሲቆይ ነው። ግባችሁ ከ40 እስከ 55 በመቶ መካከል ማቆየት ነው። ሙቀቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል፤ ሐዋሳ ውስጥ መኖሪያ ቤት ግን ይህን በየቀኑ ማግኘት ስለማይቻል አትጨነቁበት። ከቁጥሩ በላይ የሚጎዳው መዋዠቁ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ብራናውም ወረቀቱም በየቀኑ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል። ቀለሙ ከብራናው የሚላቀቀው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

መለኪያውን ይዛችሁ ቤቱን ዙሩ። በእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ቀን አቆዩትና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የሚያሳየውን ጻፉ። ብዙ ጊዜ የሚሻለው ከውጭ ግድግዳ የራቀ የመኝታ ቤት ቁምሣጥን ሆኖ ይገኛል። እንግዳ እንዲያየው ተብሎ ሳሎን መስኮት ሥር ቡፌ ላይ የሚቀመጥ መጽሐፍ በጣም ያሳዝነኛል፤ ፀሐዩም አቧራውም እሱ ጋ ነው የሚያርፈው።

እነዚህን ቦታዎች አስወግዱ፦

- ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ። እርጥበት ከሥር ይወጣል። ሳጥን ከሆነ በጡብ ወይም በእንጨት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ዝናብ ቢገባም ያድናችኋል።
- ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ። ከኋላው አየር እንዲዘዋወር አራት ጣት ያህል ክፍተት ተዉ።
- ኮርኒስ ላይ፣ ወይም ከኮርኒስ ሥር ባለው የመጨረሻ መደርደሪያ። ሙቀቱም የጣሪያ ፍሳሹም እዚያ ነው።
- ከመታጠቢያ ቤት ወይም ከወጥ ቤት ጋር በሚዋሰን ግድግዳ።
- ቡና በሚፈላበትና እጣን በሚጨስበት ጥግ። ጭሱ ቅባት ያለው ጥላሸት ይተዋል፤ በብሩሽ አይለቅም።

ሐይቅ ዳር አካባቢ ለምትኖሩ ሁለት ነገር ልጨምር። ማታ መብራት ሲበራ ከሐይቁ በኩል የሚመጡት ትናንሽ ነፍሳት መደርደሪያ ላይ ይሞታሉ፤ የሞተ ነፍሳት ደግሞ ወረቀት የሚበሉትን ይጠራል። መጻሕፍት ያሉበት ክፍል መስኮት ወንፊት ይኑረው፣ መደርደሪያውም በየሳምንቱ ይጠረግ። ሁለተኛ፣ ዝናብ እየዘነበ ወይም እንዳባራ መስኮት ከፍታችሁ «አየር ይግባለት» አትበሉ። የሚገባው እርጥበት ነው። ቀትር ላይ፣ መለኪያው የውጩ አየር ከውስጡ የደረቀ መሆኑን ሲያሳይ ክፈቱ።

ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የፕላስቲክ ሳጥን ጥሩ ሊመስል ይችላል። መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ካልገባ ግን እርጥበቱን ይዞ ይዘጋበታል። የብረት ሳጥን ደግሞ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከውስጥ ያልበዋል። ያላችሁ እሱ ብቻ ከሆነ ውስጡን በአቡጀዲ ሸፍኑ፣ መጽሐፉም ብረቱን አይንካ።

4. አቧራውን በደረቁ አንሱ

እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ሎሽንና ቅባት አይኑር። ለመጽሐፍ ነጭ የጨርቅ ጓንት አልመክርም፤ ጣት ቅጠሉን መለየት ስለሚያቅተው ይቀደዳል። ጓንት የሚያስፈልገው ለፎቶግራፍና ለሻጋታ ነው።

1. መጽሐፉን ዝግ እንዳለ ጫን አድርጋችሁ ያዙት፤ አቧራው ወደ ቅጠሎቹ መሃል እንዳይገባ።
2. ከላይኛው ጠርዝ ጀምሩ። ብሩሹን ከጀርባው ወደ ውጭ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አስኪዱ። ወዲህ ወዲያ ማሸት አቧራውን ወደ ውስጥ ያስገባል።
3. ከዚያ ሽፋኑን፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ጥቂት ቅጠሎች። ሥዕልና ሐረግ (በቀለም የተሣለ የገጽ ጌጥ) ያለበትን ገጽ አትንኩ። ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ከሆነ በለስላሳ ብሩሽም ይረግፋል።
4. የጧፍ ጠብታ ካያችሁ ተዉት። በጥፍር ሲፋቅ ፊደሉን ይዞ ይነሣል።

ውሃ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ አልኮል፣ በረኪና፣ ላጲስ፣ ምንም አይንካው። በብራና ላይ ያለው ጥቁሩም ቀዩም ቀለም እርጥበት ሲነካው ሊለቅ ይችላል። የቆዳው ሽፋን ደርቆ ቀይ ዱቄት ቢያወጣም ቅቤ፣ ቫዝሊን ወይም የጫማ ቀለም አትቀቡት። ቅባቱ ለሳምንት ያሳምረዋል፤ ከዚያ አቧራና ሻጋታ ይሰበስባል፣ ቆዳውንም ያጠቁረዋል። ዱቄቱ እጃችሁን ካስቸገረ በአቡጀዲ ጠቅልሉት፤ መፍትሔው ይኸው ነው።

ደረቅ ሻጋታ ከሆነ ከቤት ውጭ፣ ነፋሱ ከኋላችሁ እንዲመጣ ሆናችሁ፣ የአፍ መሸፈኛና ጓንት አድርጋችሁ በሻጋታ ብሩሹ ጥረጉ። አስም ያለበት ሰውና ሕፃናት አይጠጉ። ሕያው ሻጋታ ከሆነ ግን አትጥረጉት፤ እየቀባችሁ ታስፋፉታላችሁ። መጀመሪያ በጥላ፣ አየር በሚዘዋወርበት ደረቅ ክፍል ይድረቅ።

5. ነፍሳት ካሉ

ምስጥ፣ ነቀዝ፣ በረሮና ብል አንድ ዓይነት መድኃኒት የላቸውም። ምስጥ ከመሬት በግድግዳ ወጥቶ ነው የሚመጣው፤ የጭቃ መስመሩን ግድግዳው ላይ ፈልጉ። መጽሐፉን ብቻ ብታክሙ ነገ ይመለሳል፤ የሚታከመው ቤቱ ነው። በረሮ የሚመጣው ምግብ ፍለጋና ሙጫ ለመብላት ስለሆነ ንጽሕናው ይመልሰዋል።

የነፍሳት መርጫ መጽሐፍ ላይ አትንፉ። ፈሳሹ ወረቀቱን ያቆሽሻል፣ ቀዳዳው ውስጥ ያለውን ትል ግን አያገኘውም። ናፍታሊንም ከመጽሐፍ ጋር በአንድ ሳጥን አይቀመጥ፤ ሽታው ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል፣ ለሚተነፍሰውም ሰው ጎጂ ነው።

ነቀዝ የገባበትን ተራ የወረቀት መጽሐፍ በፍሪዘር ማከም ይቻላል። እንዲህ አድርጉ፦

1. መጽሐፉ የደረቀ መሆኑን አረጋግጡ።
2. በነጭ ወረቀት ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ ክተቱት። አየሩን ተጭናችሁ አውጡና በፕላስተር አሽጉ። በሁለተኛ ፌስታል ድገሙት፤ የምግብ ሽታ እንዳይገባበት።
3. ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት ይቆይ። የፍሪጅ ላይኛው ትንሽ በረዶ ቤት ብዙ ጊዜ እዚህ አይደርስም፤ በቴርሞሜትር ለኩ።
4. መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋና በረዶው ከለቀቀ ሁለት ሳምንቱን እንደገና ቁጠሩ። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ነፍሳት ሊለምደው ይችላል።
5. ስታወጡት ፌስታሉን ሳትከፍቱ አንድ ሙሉ ቀን አቆዩት። ቀድማችሁ ከከፈታችሁ የክፍሉ እርጥበት ቀዝቃዛው መጽሐፍ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል።

ብራና፣ የእንጨት ገበታ (ጠንካራ የእንጨት ሽፋን) ያለው መጽሐፍ፣ ሥዕል ያለበትና ፎቶግራፍ ቤት ውስጥ ፍሪዘር አይገባም። እንጨቱ፣ ቆዳውና ቀለሙ እኩል ስለማይኮማተሩ ይሰነጣጠቃሉ። ነቀዙ ገበታው ውስጥ ከሆነ በፌስታል ለይታችሁ ለባለሙያ ደውሉ።

6. ስትከፍቱና ስታነቡ

ሁለቱን ፎጣዎች ጠቅልሉና በቀኝና በግራ አስቀምጧቸው፤ መጽሐፉ በመሃላቸው ተደግፎ እንዲከፈት። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መጫን ስፌቱን ይበጥሳል። የድሮ የብራና መጽሐፍ ገበታው ከጥራዙ ጋር የተያያዘው በጥቂት ክሮች ብቻ ነው፤ ከ90 ዲግሪ ትንሽ አልፎ ከተከፈተ ይበቃዋል።

ቅጠሉን ከላይኛው ውጫዊ ጥግ በኩል፣ መዳፋችሁን ከሥሩ አስገብታችሁ ግለጡ። ጣት በምራቅ ማርጠብ የለም።

ብራና ራሱን መጠቅለል ይወዳል። ገጹን ለመያዝ ስልክ ወይም ድንጋይ አትጫኑበት፤ ከታጠበ አቡጀዲ ቀጭን ከረጢት ሰፍታችሁ የልጆች ብይ ሙሉበትና በጠርዙ ላይ አጋድሙት። ምስር ወይም ሩዝ የሚሞሉ አሉ፤ ያ ነቀዝ መጥራት ነው።

መጽሐፉ አሁንም ለጸሎት የሚገለገልበት ከሆነ አገልግሎቱን አቁሙ አልልም። ጧፉ በጎን፣ ከመጽሐፉ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ይሁን። ለዕለት ጸሎት የታተመውን ተጠቀሙ፣ ብራናውን ለበዓል አቆዩት።

7. ጠቅልላችሁ አስቀምጡ

መጽሐፉን በታጠበው አቡጀዲ ሁለት ዙር ጠቅልሉ፤ በጥብጣብ እሰሩ። ቋጠሮው በፊት ለፊት ጠርዝ በኩል ይሁን እንጂ ሽፋኑ ላይ አይረፍ፤ ቆዳው ላይ ጉድጓድ ይሠራል። ብራና ሲሆን ቀለል ያለ ጥብቀት ይጠቅመዋል፤ ቅጠሎቹ እንዳይጠቀለሉ ይይዛቸዋል።

ማኅደር (መጽሐፉ የሚገባበት የቆዳ መያዣ) ካለው አትጣሉት፤ የመጽሐፉ አካል ነው። መጽሐፉ ሲገባና ሲወጣ ጠርዙን የሚፍቀው ከሆነ ግን ለየብቻ ጠቅልላችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ትላልቅ መጻሕፍት ይጋደሙ፤ ከሦስት በላይ አትደርቡ። ትናንሾቹ ይቁሙ፤ ሳይጨናነቁ፣ ሳያዘምሙም።

ለሰነድ፦ ክሊፕ፣ አግራፍና መርፌ ቁልፍ በጥንቃቄ አውጡ። ዝገቱ ወረቀቱን ይበሳል። ሰነዱን ዘርግታችሁ በየመሃሉ ነጭ ኤፎር አስገቡ። የተጠቀለለውን በግድ አትዘርጉ።

ለፎቶ፦ ጠርዙን ብቻ ያዙ። እያንዳንዱን በነጭ ወረቀት ፖስታ ክተቱ። የማን ፎቶ እንደሆነ ፖስታው ላይ ቀድማችሁ በእርሳስ ጻፉ፤ ፎቶው ከገባ በኋላ ስትጽፉ የእርሳሱ ጫና ምስሉ ላይ ይወጣል። ገጹ የሚጣበቅበት አልበም ሙጫው ፎቶውን ይበላዋል። ከክፈፍ መስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ ካላችሁ አትላጡት፤ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ ፎቶ አንሱትና እንዳለ አቆዩት።

8. መዝግቡና ፎቶ አንሱ

ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ወረቀት አዘጋጁ፦ ርዕሱ፣ ርዝመቱና ወርዱ በሳንቲ ሜትር፣ የቅጠሎቹ ቁጥር፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ገጽ የሚጀምርበት ቃል፣ ባዶ ገጾች ላይ የተጻፉ ማስታወሻዎች፣ ከማን እንደተወረሰ፣ የጎደለና የተቀደደ ነገር። መጽሐፉ ቢሰረቅ የእናንተ መሆኑን የምታስረዱት በዚህና በፎቶው ነው። የመዝገብ ቁጥሩን መጽሐፉ ላይ አትጻፉ፤ ቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ መሃሉ አስገቡ።

ባዶ ገጾቹን አትዝለሉ። የልደት፣ የጋብቻ፣ የመሬት ስምምነት ማስታወሻ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ፎቶው በስልክ ይበቃል። የኤፎር መጠን ያለውን ገጽ ለህትመት በሚሆን ጥራት ለማንሳት 9 ሚሊዮን ፒክስል ያህል ስለሚያስፈልግ፣ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ ገጹ ሙሉ ፍሬሙን ከሞላ ይሠራል።

- ብርሃኑ ከመስኮት በጎን ይምጣ፤ ቀጥታ ፀሐይ አይሁን። ፍላሽ ይጥፋ፤ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ፈጥሮ ፊደሉን ይሸፍናል።
- ስልኩን በእጅ አትያዙ። መቆሚያ ከሌለ ሁለት ወንበር አቀራርባችሁ ጣውላ አጋድሙና ስልኩን ከላዩ አስቀምጡ፤ ሌንሱ ከገጹ ጋር ትይዩ ይሁን።
- የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ማስመሪያ ጎኑ አስቀምጡ፤ መጠኑ እንዲታወቅ።
- መጀመሪያ የቀኝ ገጾችን ሁሉ፣ ቀጥሎ የግራዎቹን አንሱ። መጽሐፉ በየገጹ ወዲያና ወዲህ አይገላበጥም፤ የተዘለለ ገጽም በቀላሉ ይታወቃል።
- ፋይሉን በቁጥር ሰይሙት፦ 01-001፣ 01-002 እያላችሁ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ አትላኩ፤ ጥራቱን ይቀንሰዋል። እንደ ፋይል ላኩ።
- ሦስት ቅጂ ይኑር፦ አንዱ ኮምፒዩተር ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ እጅ።

9. ለተቋም መስጠት ከፈለጋችሁ

ቤት ውስጥ መጠበቅ ካልቻላችሁ፣ ወይም መጽሐፉ ሥዕሉ እየረገፈ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ያሉትን ወመዘክርን (ብሔራዊውን ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን አነጋግሩ። እዚሁ ሐዋሳ ደግሞ ከባህልና ቱሪዝም ቢሮው ጀምሩ። ሳታስረክቡ በፊት እነዚህን በጽሑፍ ተስማሙ፦ ስጦታ ነው ወይስ አደራ? አደራ ከሆነ መቼና በምን ሁኔታ ይመለሳል? ማን ያነበዋል? ቅጂ ለማን ይሰጣል? የእናንተ የፎቶ ቅጂ እጃችሁ ላይ ይቅር፤ የርክክብ ሰነድ ላይም የቅጠሉ ቁጥርና ጉዳቱ ይጻፍ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ጥሩ ዋጋ እሰጣለሁ፣ ውጭ አገር እወስደዋለሁ» የሚል ሰው ከመጣ አትስማሙ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ክልክል ነው። አንድ ቅጠል ብቻ ገንጥሎ መሸጥም መጽሐፉን መግደል ነው።

ውሃ ከገባ፦ የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት

ሻጋታ በሁለት ቀን ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ ስለዚህ ሌሊትም ቢሆን ተነሱ።

1. መጀመሪያ የረጠበውን ከደረቀው ለዩ።
2. የተዘጋውን እርጥብ መጽሐፍ በግድ አትክፈቱ፣ አትጭመቁ። እርጥብ ወረቀት በራሱ ክብደት ይቀደዳል፤ ከሥሩ ጣውላ ወይም ትሪ አስገብታችሁ አንሱት።
3. ጠርዙ ብቻ ከረጠበ አቁሙትና ቅጠሎቹን በትንሹ ፈታ አድርጉ። ቬንቲሌተር ክፍሉን ያናፍስ እንጂ ወደ መጽሐፉ አይዙር።
4. በደንብ ከራሰ አጋድሙት፣ በየጥቂት ቅጠሉ ነጭ ሶፍት አስገቡ፤ ሲረጥብ ቀይሩ። ጋዜጣ አታስገቡ፤ ቀለሙ ይለቃል።
5. የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያለው መጽሐፍ ከደረቀ በኋላ አንድ ጡብ ይሆናል። በየገጹ መሃል ማስገባት ካልቻላችሁ እርጥብ እንዳለ በፌስታል አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ፤ ጊዜ ይገዛላችኋል።
6. ብራና ከረጠበ ምንም ሙቀት አይንካው። ቅጠሎቹ እንዳይጣበቁ ነጭ ወረቀት አስገቡ፣ በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ፣ በዚያው ቀን ለባለሙያ ደውሉ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ላሚኔት ማድረግ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ዲፕሎማ፣ ካርታ፣ ሁሉም ላሚኔት ይደረጋል። ማሽኑ በሙቀት ሙጫውን ወረቀቱ ውስጥ ያቀልጠዋል፤ ማውጣት አይቻልም። ውስጥ ያለው አሲድም ታሽጎ ይቀራል። ጥርት ያለ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ፣ አፉ ክፍት ሆኖ ማስቀመጥ ይበቃል። ጠንካራ የፕላስቲክ ሽታ ያለውን ኪስ ግን አትግዙ፤ ጽሑፉን ወደ ራሱ የሚለጥፈው እሱ ነው።

የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍ። ሙጫው ቢጫ ይሆናል፣ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ፕላስቲኩ ይወድቅና ቆሻሻው ይቀራል። የተቀደደውን ቁራጭ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ በቦታው አስገቡ።

ፀሐይ ማስመታት። እህል ለማድረቅ ይሆናል፤ ብራና ግን ይኮማተራል፣ ወረቀት ይቆሽሻል፣ ቀለም ይጠፋል። ጥላና ነፋስ ይበቃል።

የደበዘዘውን ፊደል በእስክሪብቶ ማድመቅ። ይህን ያደረገ ሰው በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የደበዘዘ ቀለም በጎን ብርሃንና በፎቶ ማስተካከያ ብዙ ጊዜ ይነበባል። ከላዩ የተጻፈበት ግን አይነበብም።

አዲስ ሽፋን ማስጠረዝ። የድሮውን ገበታና ስፌት አውጥቶ በፕሬስ ቆርጦ በካርቶን የሚጠርዝ ሠራተኛ ጠርዙ ላይ ያለውን ማስታወሻ አብሮ ይቆርጠዋል። የላላ ገበታ በጥብጣብ ታስሮ መቀመጥ ይችላል።

በየስንት ጊዜ ልመርምረው ለምትሉኝ፦ በበጋ በየሦስት ወሩ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም በየሁለት ሳምንቱ። ፈታችሁ ሽቱት፣ ከሥሩ ያለውን ነጭ ወረቀት ለዱቄት ተመልከቱ፣ መለኪያውን አንብቡና ቀኑን በመዝገቡ ወረቀት ላይ ጻፉ።